ብርሌ ከነቃም ዕቃ ይሆናል!

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ሲባል ያልሰማ አበሻ የለም። እኔም እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ አምኜበት ኖሬአለሁ። አሁን ግን እዚሁ ቤሩት የነቃ፣ ነቅቶም የደቀቀ፣ ደቅቆም መልሶ ዕቃ የሆነ ብርሌ በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ከዚያ ቀን ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራ ሰንብቻለሁ፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ከምኖርበት ሰፈር ከካራንቲና ሰርቪስ (የጋራ ታክሲ) ይዤ፣ ወደቡን በቀኝ እየተውኩ ሐምራ ደረስኩና በብሊስ መንገድ በኩል ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባሁ። በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌአለሁ! እንዲህ ያለ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ውስጡ እንዳለ ግን የነገረኝ አልነበረም። መግቢያው ነፃ ነው። ነፃ!

መጀመሪያ ቀልቤን የሳበው የቆጵሮስ ሸክላ ነው። ሆዱ ሞላ፣ አንገቱ ሰልከክ ያለ፣ እጀታው ለጣት ተብሎ የተሠራ። ጀበና ይዞ ያደገ ሰው እነዚያን እጀታዎች ሲያይ እጁ ሳያስበው ይዘረጋል። ሙዚየሙ ራሱ የተወለደው ከዚህ ሸክላ መሆኑን ሳውቅ ደግሞ የባሰ ተደነቅሁ። እ.ኤ.አ. በ1868 በቆጵሮስ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሉዊጂ ፓልማ ዲ ቼስኖላ ቆፍሮ ካወጣው ሸክላ ያኔ ኮሌጅ ለነበረው ለዚህ ዩኒቨርሲቲ በስጦታ ሰጠ። ኮሌጁ ያኔ ገና የሁለት ዓመት ጨቅላ ነበር። ሰውየው ሲቆፍር የዛሬዎቹ ባለሙያዎች ጥንቃቄ አልነበረውም፤ ካወጣው አብዛኛውን ለኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሸጦ፣ በኋላም የዚያ ሙዚየም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኗል። ያም ሆነ ይህ፣ እዚህ በነፃ የሰጠው ሸክላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ለእኔ ቢጤዋ በነፃ ይታያል።

ከሸክላው አልፌ ብርጭቆዎቹ ጋ ስደርስ ግን እግሬ ተተከለ። ታሪካቸው ይኸው።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 (እ.ኤ.አ. ኦገስት 4፣ 2020) ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ የቤሩት ወደብ ውስጥ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ተከማችቶ የኖረበት ቦታ ሲፈነዳ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ካራንቲና ደግሞ የወደቡ ጎረቤት ነው። ግዙፎቹ የእህል ጎተራዎች ከወደቡ በስተምዕራብ ያለውን የከተማዋን ክፍል በመጠኑ ጋረዱለት፤ እኛ በምሥራቅ ያለነው ግን የሚጋርደን አልነበረም። ጋሻ የነበረው የምዕራቡ ወገንም ቢሆን አልተረፈም። ከወደቡ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በዚህ ሙዚየም ውስጥ 74 ጥንታዊ ብርጭቆዎች የነበሩበት አንድ ቁም ሳጥን በግንባሩ ተደፋ። ሰባ ሁለቱ ደቀቁ። የሮም ዘመን፣ የቢዛንታይን ዘመን፣ የመጀመሪያው የእስልምና ዘመን ብርጭቆ፣ ከሳጥኑ መስታወትና ከመስኮቱ ስባሪ ጋር አንድ ላይ ተደባለቀ!

እስቲ አስቡት። የሁለት ሺህ ዓመት ስባሪና የትናንት የመስኮት ስባሪ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን መለየት። ጤፍ የለቀመች ሴት ይህ ምን ዓይነት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ታውቀዋለች። የሙዚየሙ ሰዎች ግን ጠርገው አልጣሉትም። ከፈረንሳይ የመጣች የብርጭቆ ጥገና ባለሙያ አብራቸው ተቀምጣ ለቀሙት፣ ለዩት፣ ቁርጥራጩን በየዕቃው መደቡት። ከዚያ ስምንቱ ለንደን ወደሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ተልከው ተጠገኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው ለሕዝብ ታይተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አሁን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጠጋኞቹ ስንጥቁን እንደብቀው አላሉም። ብርሃን ሲያርፍበት የተጣበቀው መስመር እንደ ፀጉር ቀጥኖ ከአፉ ተነስቶ በሆዱ ላይ ይወርዳል፣ ይታጠፋል፣ ከሌላ መስመር ጋር ይገናኛል። ዕቃው ግን ቆሟል! አንገቱ ቀጥ ብሎ፣ ሆዱ ክብ እንደሆነ፣ ልክ የእናቴ የጠጅ ብርሌ። መስታወቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ መቆሜን ያወቅሁት ትንፋሼ ሲጋርደኝ ነው።

ብርጭቆ በትንፋሽ መንፋትም ቢሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት በዚሁ በሶርያና ፍልስጥኤም ባሕር ዳርቻ የተገኘ ጥበብ ነው። ከዚያ በፊት ብርጭቆ የባለጸጎች ዕቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሮም ውስጥ መጠጫ ብርጭቆ በአንድ የመዳብ ሳንቲም ይገዛ እንደነበር ጂኦግራፈሩ ስትራቦ ጽፏል። የእኛም ሰዎች ደርሷቸዋል። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት ብርጭቆ ይቆጥራል፤ አክሱም ላይም በቁፋሮ ተገኝቷል። ስለዚህ እዚያ ሳጥን ፊት የቆመች ኢትዮጵያዊት ባዕድ ነገር እያየች አይደለም።

ማታ ወደ ካራንቲና ስመለስ ሰፈሬንም እንደ አዲስ አየሁት። ስሙ ራሱ ቅርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ፣ ግብፆች አገሩን ይዘው በነበረበት ጊዜ፣ በባሕር የመጣ ሰው በሽታ እንዳያስገባ የሚቆይበት ለይቶ ማቆያ እዚህ ተሠራ። ቃሉ በጣልያንኛ «አርባ» ከሚለው የመጣ ነው፤ አርባ ቀን። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳበት፣ የሞተም ተዝካሩ የሚወጣበት አርባ ቀን! በኋላ ከእልቂት የተረፉ አርመኖች እዚህ ሰፈሩ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1976 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እዚሁ ተጨፈጨፉ፤ ፍንዳታውም መጣ። እኛም በየክፍሎቻችን አለን፣ ቡና እያፈላን።

ቤሩት ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ሂዱና እዩት። የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ፤ መታወቂያ ያላችሁ ያዙ። ስትመለሱም ሻንጣችሁን ክፈቱ። ከአገር ስትወጡ የያዛችኋት ጀበና፣ የመጀመሪያው የአውሮፕላን ቲኬት፣ ከእናት የተላከ ነጠላ፣ በፍንዳታው የተሰነጠቀች ስኒም ብትሆን፣ አትጣሉ። የማን እንደሆነች፣ መቼና ከየት እንደመጣች በትንሽ ወረቀት በአማርኛ ጻፉና ውስጧ ክተቱ። ነገ የሚሰበስብ ይመጣል፤ እስከዚያው እናንተ ያዙልን።