«ፕሌይ» የተባለው ቃልና የተርጓሚው ፈተና

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ቴአትር የሚመልስ ሰው ገና ከሽፋኑ ላይ የሚገጥመው ቃል «ፕሌይ» ነው። ቃሉ አጭርና ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነው። ይሁን እንጂ ልጅ በአቧራ ላይ የሚያደርገው፣ ኳስ ተጫዋች በሜዳ የሚያሳየው፣ ሙዚቀኛ ከክሩ የሚያወጣው፣ ተዋናይ በመድረክ የሚያቀርበው፣ ቁማርተኛ ገንዘብ የሚያስይዝበት፣ ብርሃን በውኃ ላይ የሚያሳየው እንቅስቃሴ፣ በሁለት የሞተር ብረቶች መካከል የተተወው ክፍተት ሳይቀር በዚሁ በአንድ ስም ይጠራሉ።

የቃሉ ሥር በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፕሌጋ» ነው። በዚያ ዘመን ፈጣን የሰውነት እንቅስቃሴን ያመለክት ስለ ነበር መዝናናትም ውጊያም በውስጡ ይጠቃለሉ ነበር። «ቤዎውልፍ» በተባለው የጀግንነት ግጥም ጦርነት የጋሻ ጨዋታ ሲሆን፣ «ዮዲት» በተሰኘው ደግሞ የጦር ጨዋታ ነው። ሆላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ዮሐን ሁይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» በተባለ መጽሐፉ በዚህ ቃልና መንከባከብ ወይም ማዘውተር የሚል ትርጉም ባለው የጀርመንኛ ዘመዱ መካከል ያለውን ዝምድና በሰፊው መርምሯል። የመድረክ ትርጉሙ የተጨመረው በመካከለኛው ዘመን ነው። በላቲኑ «ሉዱስ»ም እንዲሁ ጨዋታና ትርኢት በአንድ ስም ተጠቃለው ይገኛሉ።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው አይገባም። «ተውኔት» የምንለው ቃል ከግዕዙ «ተዋነየ» የተገኘ ሲሆን፣ ግሱም ተጫወተ፣ ቀለደ ማለት ነው። ስለዚህ የእኛም ተዋናይ በሥረ ቃሉ ተጫዋች ነው። ልዩነቱ እንግሊዛዊው «ፕሌይ» ሲል የልጁን ጨዋታ አብሮ መስማቱ፣ ኢትዮጵያዊው ተመልካች ግን «ተውኔት» ሲባል የሚሰማው ክብርን እንጂ ጨዋታን አለመሆኑ ነው። ግዕዙ ቃሉን አልብሶ ከመንደር ወደ አዳራሽ አስገባው። በአንጻሩ «ሚና መጫወት» የሚለው የውሰት ሐረግ ከመድረክ ወጥቶ በየጋዜጣው ተበትኗል፤ ግድቡም፣ ማዳበሪያውም፣ ኮሚቴውም ከፍተኛ ሚና ይጫወታሉ፤ ቃሉ የመጣበትን መድረክ ግን የሚያስታውስ የለም።

ችግሩ በተግባር የሚታየው በሼክስፒር ላይ ነው። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ የቆየ ወዳጅ የሆነው «ሐምሌት» በሦስተኛው ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት ልዑሉ በንጉሡ ፊት ነፍሰ ግድያን የሚያሳይ ተውኔት እንዲቀርብ ያደርጋል። ያ እንዳበቃ፣ ንጉሡ ለስለላ የመለመለውን የቀድሞ ጓደኛውን ጊልደንስተርንን የእንጨት ዋሽንት ሰጥቶ እንዲጫወትለት ይለምነዋል። ሰውየው አልችልም ሲል፣ ቀዳዳዋ የሚቆጠር እንጨት ያቃተው ሰው የሐምሌትን ልብ እንደ መሣሪያ ለመጫወት መድፈሩን ይገሥጸዋል። በእንግሊዝኛው ተውኔቱም፣ ዋሽንቱም፣ ሰውን መጫወቻ ማድረጉም አንድ ቃል ናቸው፤ የትዕይንቱም ምሰሶ ይኸው ቃል ነው።

በአማርኛ ግን በገና ይደረደራል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል። ቋንቋው ለእጅና ለትንፋሽ ሥራ ሁሉ የየራሱን ግስ ሰጥቷል። ይህ ሀብት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ድልድዩን ይሰብረዋል፤ ዋሽንት «ተነፍቶ» በሰው ላይ «ሲጫወቱበት» ስድቡ ከመሣሪያው ይለያያልና። በዘመናዊው አነጋገር «ዋሽንት ተጫወተ» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰነፍ መፍትሔ ነው። ከዚህ የተሻለ ቃል አማርኛ በጓዳው አለው፤ እርሱም «ቃኘ» ነው። ክራር ይቃኛል፤ የጠላት ሰፈርም ይቃኛል። ጊልደንስተርን የመጣው ሊሰልል ስለሆነ፣ ክራሩን መቃኘት ያልቻለ ሰው ልዑሉን ሊቃኝ ተነሣ ቢባል እንግሊዝኛው የሌለው ሌላ ስለት ይገኛል። ዋሽንቱን በክራር መለወጥም ድፍረት አይሆንም፤ ሐምሌት ራሱ በንግግሩ መጨረሻ ወደ ባለ ክር መሣሪያ የሚያሻግር የቃል ጨዋታ ያስገባልና።

በመጨረሻው ገቢር ሐምሌትና ላየርቲስ በሰይፍ ሲገጥሙ የመድረኩ መመሪያ ይህንኑ ግስ ይጠቀማል። የላየርቲስ ሰይፍ መርዝ የተቀባ ነው፤ ጥንታዊው የጋሻ ጨዋታ እንደገና ሕያው ይሆናል። የፈረስ ጉግስን ያየ ተመልካች ጨዋታና ጦርነት የሚለያዩበት መሥመር የቱን ያህል ቀጭን እንደ ሆነ ስለሚያውቅ፣ እዚህ ላይ «ጨዋታ» የሚለውን ቃል መፍራት አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚከብደው እ.ኤ.አ. በ1611 ግሎብ በተባለው ቴአትር ቤት የታየው «የክረምት ተረት» ነው። ሚስቱን ከወዳጁ ጋር የጠረጠረው ንጉሥ ሊዮንቲስ ለትንሽ ልጁ ሲናገር ግሱን በአንድ ትንፋሽ አራት ጊዜ ይጠራዋል፤ ልጁ እንዲጫወት ሁለት ጊዜ ያዛል፣ እናቱም እንደምትጫወት ይናገራል፣ እርሱም የውርደት ተዋናይ መሆኑን ይጨምራል። የመጀመሪያው ያለ ችግር ይተረጐማል። ሁለተኛውም በአማርኛ እንዲያውም ይደምቃል፤ ንግሥቲቱ በዚያው ትዕይንት ከእንግዳው ጋር ስታወራ ታይታለችና፣ «ጨዋታ» ደግሞ ለእኛ ወግም ነው፤ ቅናተኛው ባል ንጹሑን ወግ ወደ ሌላ ይተረጕመዋል። ሦስተኛው ግን ይቀራል። ብዙ ተርጓሚ የሚቀናው «ተጫወቱብኝ» ማለት ነው፤ ይህም ንጉሡን ተበዳይ ብቻ ያደርገዋል፤ የሼክስፒር ሊዮንቲስ ግን ውርደቱን በገዛ ምናቡ ጽፎ ራሱ የሚተውን ሰው ነው።