ሐዲስ ዓለማየሁና ዘግይቶ የተጀመረ ሥራ

በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት የሚሰማ አንድ የተለመደ ጨዋታ አለ። ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ ሰው መዝገብ ማገላበጥ እንደ ሰለቸው ካማረረ በኋላ፣ «እኔ እኮ ሌላ ሥራ መሥራት የምችል ሰው ነበርሁ» ይላል። ከጐኑ የተቀመጠውም ሊያጽናናው ፈልጎ፣ «ገና ምን አለፈህና! ሐዲስ ዓለማየሁ እንኳ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ያሳተሙት ሃምሳውን ካለፉ በኋላ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ይህን ማጽናኛ እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ተናግሬውማለሁ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ በመዝገብ ቤት ሥራ ከጀመርሁ 14 ዓመት ስለ ሆነኝ፣ ነገሩ ለእኔ ከሩቅ የሚታይ የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ክረምት መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባነበብሁ ጊዜ ግን፣ እኛ በሻይ ሰዓት የምንናገረውና መጽሐፉ የሚናገረው የማይገጥሙ ሆነው አገኘኋቸው። የደራሲውን ሕይወት ምስክር አድርገን የምንጠራለት ተስፋ በደራሲው መጽሐፍ ውስጥ የለም። እንዲያውም ከተወለደበት ወይም ከተሰጠበት ስፍራ ወጥቶ በሌላ ስፍራ ለመቆም የሞከረ ሰው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቆምም፤ ይወድቃል። ይህ ነገር ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆነ የሚመስለኝን ለአንባቢዎች ለማቅረብ እወዳለሁ።

አስቀድሞ ስለ ደራሲው ጥቂት እንበል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ ቅኔም ተቀኙ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ትምህርት ከቀመሱ በኋላ አስተማሪ ሆኑ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋራ ዘመቱ፤ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱና ሰባት ዓመት ያህል በግዞት ኖሩ። ከተመለሱ በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ በለንደን አምባሳደር፣ በአገራቸውም የትምህርት፣ ኋላም የፕላን ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ይህን ሁሉ የሚቈጥር ሰው፣ «እነሆ፣ ሥራ መለወጥን የማይፈራ ሰው!» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኛዎቹን የመረጧቸው እሳቸው አይደሉም። ወታደር ያደረጋቸው የጠላት መምጣት ነው፤ ሹመቱም በዚያን ዘመን የሚሰጥ እንጂ የሚጠየቅ አልነበረም። በገዛ ፈቃዳቸው አንሥተው ያልጣሉት ሥራ ቢኖር፣ ከቅኔ ቤት ይዘውት የወጡት የቃል ሥራ ነው። በወጣትነታቸው «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የተባለ ቴያትር ጽፈዋል፤ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳተሙ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1958 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ «በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ጀመሩ» ማለት በመካከል ያለውን የአርባ ዓመት ድካም መሠረዝ ነው። ደግሞም ሹመታቸውን ጥለው አልጻፉም፤ በሹመት ላይ ሳሉ ነው የጻፉ። ይህን በሻይ ሰዓት የሚያነሣ ሰው አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንግባ። ብዙ ሰዎች መጽሐፉን የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ታሪክ አድርገው ብቻ ስለሚያስታውሱት፣ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እንደ መግቢያ ቈጥረው ያልፏቸዋል። በሬዲዮ ሲተረክ የሰሙትም ቢሆኑ የሚያነሡት የዲማን ነገር ነው። እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ የምወደው የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ታሪክ ነው። ውድነሽ ሀብት ያላት ሴት ናት፤ ነገር ግን ያገቧት ባሎች ተከታትለው ስለ ሞቱ፣ በአገራችን አነጋገር «ገፊ» የሚሏት ዓይነት ሆነች፤ ደፍሮ የሚያገባት ጠፋ። ቦጋለ ደግሞ በቤቷ የሚሠራ፣ ከጕልበቱ በቀር የእኔ የሚለው የሌለው ሰው ነው። እነዚህ ሁለቱ ተጋቡ። የትናንቱ አገልጋይ የቤቱ አባወራ ሆነ።

በእኔ ዐይን ይህ ጋብቻ ከፍቅር ይልቅ የሥራ ለውጥ ነው፤ በመጽሐፉም ውስጥ የተሳካ የሥራ ለውጥ ቢኖር ይኸው አንዱ ነው። ስለ ምን ተሳካ? ቦጋለ ከሌሎቹ ይልቅ ጐበዝ ስለ ሆነ አይደለም። የገባበትን ስፍራ ሌላ የሚሻው ሰው ስላልነበረ ነው። ከውድነሽ አጠገብ ያለው ወንበር የሞት ወንበር ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበርና፣ ድኻው ሲቀመጥበት «ይህ የእኔ ነበር» ብሎ የተነሣበት የለም። ደራሲው ይህን በግልጥ ቃል አይናገሩም፤ ነገር ግን ታሪኩን በዚህ ከጀመሩ በኋላ ልጁን በዛብህን ብዙዎች ዐይናቸውን ወደ ጣሉበት ስፍራ ሲልኩት ስናይ፣ የሁለቱ መነጻጸር ሳይታሰብ የመጣ ነው ለማለት አልደፍርም።

በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ሕመም ስለ በዛበት፣ ወላጆቹ በሕይወት ቢቆይላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ተሳሉ። ልጁ አደገ፤ ቅኔ ተማረ፤ በትምህርቱም የተመሰገነ ሆነ። በዲማም የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ከቤታቸው ገባ። ችሎታው ደጃፉን ከፈተለት፤ ወደ ማዕዱ ግን አላቀረበውም። ፊታውራሪ ለልጃቸው በዘር የሚመጥን ሰው አጥተው ከመጣው ሁሉ ጋራ ሲያጣሏት የጋብቻዋን ዕድሜ ያሳለፉባት ሰው ናቸውና፣ የገፊዋና የአገልጋዩ ልጅ ለእሳቸው ሰው አይደለም። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ በመጽሐፉ ውስጥ በዛብህ ችሎታ ስለ ማነሱ የሚያነሣ አለመኖሩን ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ፣ «የማን ነው?» የሚል ነው። በአንድ ወገን የእናት አባቱ ስእለት ይይዘዋል፤ በሌላው ወገን የፊታውራሪ አጥንት ይመልሰዋል። እሱ ግን ከሁለቱ በአንዱም ቃል አልሰጠም፤ ሌሎች በእሱ ስም ቃል ሰጥተውበታል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትዝ አለኝ። 43 ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ የእንጨት ሥራ ተምሯል፤ እጁም ጥሩ ነው፤ ሥራውን ለቆ የእንጨት ሥራ ቤት ሊከፍት ብዙ ጊዜ አስቧል። ችሎታ የለህም ያለው ሰው የለም። ነገር ግን ለሦስት ሰዎች በደሞዙ ዋስ ሆኗል፤ ዕቁቡን ገና በመጀመሪያው በላና ዕጣው ሁሉን እስኪያዳርስ ይከፍላል፤ እናቱም በሰፈሩ «ልጄ የመንግሥት እንጀራ ነው የሚበላው» እያሉ ይኖራሉ። አንድ ደብዳቤ ጽፎ ሥራውን ቢለቅ ከእሱ ጋራ አምስትና ስድስት ሰው ይናወጣል። ስእለት ማለት ይህ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ለዚህ ሰው የሐዲስ ዓለማየሁን ዕድሜ ከመጥቀስ ይልቅ የበዛብህን ታሪክ መንገር ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ የማያጽናና ቢሆን።

መጽሐፉን እንዲህ ካመሰገንሁ በኋላ ሁለት ነገር ልነቅፍ። አንደኛው ብዙዎች ያነሡት ነው፤ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ጉዱ ካሣ የመጽሐፉ ሕያው ሰው ሆኖ ሳለ፣ አንዳንድ ጊዜ ንግግሩ ይረዝምና ዲማ ላይ የተቀመጠ ሰው መሆኑ ይቀርና በጉባኤ ፊት የቆመ ሹም ይመስላል። የሚለው ነገር እውነት ነው፤ ግን ደራሲው በእሱ አፍ ሲናገሩ ይሰማል። በአንጻሩ ባላገሮቹ ከሚገባቸው በላይ የሚጠየቁትን ግብር አንሰጥም ብለው ሲነሡና ፊታውራሪ ሲዘምቱባቸው ያለው ክፍል፣ አገር አስተዳደርን በእጁ ያወቀ ሰው የጻፈው ለመሆኑ እያንዳንዱ መሥመር ይመሰክራል። የቀድሞ ሥራቸው በአንድ ስፍራ ጐድቷቸዋል፤ በሌላው ስፍራ ጠቅሟቸዋል።

ሁለተኛው ነቀፋዬ ግን ከባድ ነው። በዛብህ ወጣት ሆኖ ይሞታል። ሰብለ ወንጌል እንደ መነኩሴ ለብሳ ፍለጋ ወጥታ ስታገኘው ሊሞት ጥቂት ቀርቶታል፤ ያን ጊዜም ለሞት እንጂ ለኑሮ አልተገናኙም። አንባቢ ሁሉ በዚህ ላይ ያለቅሳል፤ እኔም በመጀመሪያው ንባቤ አልቅሻለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ባይሞትስ? ስእለቱን ያፈረሰ የቅኔ ተማሪና ከቤቷ የወጣች የፊታውራሪ ልጅ አዲስ አበባ ደርሰው ቤት ቢይዙ፣ በዛብህ አርባ ዓመት ሲሞላው ምን ሠርቶ ያበላት ነበር? የተማረውን ቅኔ ማን ይገዛዋል? እሷስ የአባቷን አዳራሽ ስታስታውስ ፊቷ እንዴት ይሆናል? ሞት ይህን ጥያቄ ከደራሲው ላይ አነሣላቸው።

አንዳንድ ወዳጆቼ፣ «መጽሐፉ ከስሙ ጀምሮ እስከ መቃብር ነው ብሎ ተናግሯል፤ ከመቃብር ወዲያ ምን ትሻለህ?» ይሉኛል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አላረካኝም። ይህን ሌላ ደራሲ ቢጽፈው አልጠይቅም ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ከቅኔ ቤት ወጥቶ በሌላ ዓለም ኑሮ መያዝ ምን እንደ ሆነ በሕይወታቸው ያወቁ ሰው ናቸው። የቅኔ ተማሪው አስተማሪ፣ አስተማሪው ዘማች፣ ግዞተኛው ቆንስል ሲሆን በውስጡ የሚቀረውንና የሚጠፋውን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በጊዜው ጥቂት ነበር። ለበዛብህ ይህን ዕድሜ ቢሰጡት ኖሮ ልቅሶአችን ይቀንስ ይሆናል፤ እኔ ግን ያንን መጽሐፍ ከዚህኛው አስበልጬ ባነበብሁት ነበር።

መጽሐፉን ለዚያው የእንጨት ሥራ ለሚያውቀው ባልደረባዬ አውሼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የት እንደ ደረሰ ብጠይቀው፣ ገና ቦጋለ ውድነሽን ያገባበት ላይ መሆኑን ነግሮኝ፣ «እዚያው ላይ ደግሜ እያነበብሁ ነው» አለኝ። ወደ ዲማ እንዲያልፍ አላጣደፍሁትም።