ከባሕር ማዶ የተመለሰው ተማሪ በሦስት የአማርኛ ድርሰቶች

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከትምህርቱ ዘመን ከፊሉን በውጭ አገር ሊያሳልፍ ይገባዋልን? የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በወጪና በገቢ ሲመዘን ይሰማል። የሚወጣው ገንዘብ ስንት ነው፤ የሚገኘው ማዕርግ ምንድን ነው፤ ሄዶ የሚቀረውስ ስንቱ ነው ይባላል። እነዚህ ሁሉ ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን የአማርኛ ደራስያን ይህንኑ ጉዳይ ቀደም ብለው በሌላ ሚዛን መዝነውታል። እነርሱ የጠየቁት ተማሪው ምን ይዞ እንደ መጣ ብቻ ሳይሆን፣ ያመጣውን ማን እንደ ተቀበለውና ማን እንደ ተከራከረው ነው። ስለዚህ ድርሰቶቻቸው በሥነ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በሕዝብ ልማድ ጥናትም በኩል ሊመረመሩ ይገባቸዋል።

ለዚህ ምርመራ ሦስት ሥራዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» ነው። ሁለተኛው የደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» ሲሆን የታተመው በ1941 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው አቶ መንግሥቱ ለማ በ1957 ዓ.ም. ያወጡት «ያላቻ ጋብቻ» የተባለው ኮሜዲ ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል የጠላት ወረራ፣ ስደትና ነጻነት አልፈዋል፤ የከፍተኛ ትምህርት ቤትም በአገር ውስጥ ተቋቁሟል። ሆኖም የሦስቱም ክብደት ያረፈው በአንድ ስፍራ ላይ ነው፤ ይኸውም በመሄዱ ላይ ሳይሆን በመመለሱ ላይ ነው።

የ«አዲስ ዓለም» ባለ ታሪክ አወቀ የጠጉለት ልጅ ነው። ትምህርት ናፍቆ ወደ ፓሪስ ይሄዳል፤ ስምንት ዓመትም ተምሮ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ከዘመዶቹ ጋራ የሚጋጨው በመንግሥት ነገር ወይም በንግድ ነገር አይደለም። የሚጋጨው በሁለት የቤት ጉዳዮች ነው፤ እነርሱም የአባቱ ተዝካርና የራሱ ጋብቻ ናቸው። ደራሲው የዘመናቸውን ጭንቀት በሚገባ ያውቁት ነበር። የሟች ወራሾች የእርሻ በሬያቸውን እስኪያርዱ፣ ገንዘብም እስኪበደሩ ድረስ ደግሰው ራሳቸውን ድኻ ማድረጋቸው እውነት ነውና ነቀፋቸው ከንቱ አይደለም።

ይሁን እንጂ አወቀ ተዝካሩን የሚነቅፈው ከውጭ ቆሞ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሙት የሚደረገው ጸሎት አንድ ነገር ነው፤ በአርባው ቀን የሚደገሰው ድግስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ድግሱ ካህናቱን ያበላል፤ ድኻውንም ለአንድ ቀን ያጠግባል። ነገር ግን ከዚህ በላይ ባለ ሐዘኑ በሌላው ቤት የበላውን የሚመልስበት መንገድ ነው። ባልደገሰ ሰው ላይ የሚነሣው ሐሜት ስለ እንጀራና ስለ ጠላ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ብድሩን ያልመለሰ፣ ነገም ቢቸገር የሚደርስለት የሌለው ሰው ሆነ ማለት ነው። አወቀ ወጪውን ቆጥሯል፤ በወጪው የሚታሰረውን የዝምድናና የጉርብትና ገመድ ግን አልቆጠረም። ገመዱን ሳይመለከት ቋጠሮውን ሊቈርጥ ተነሣ። ስምንት ዓመት በፓሪስ መቀመጡ ይህን እንዲያይ አላደረገውም፤ ምክንያቱም ከአገሩ ሲወጣ ስለ አገሩ ልማድ የያዘው ጥያቄ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ደራሲውና ባለ ታሪኩ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ማለት ይገባል። በመጽሐፉ መጨረሻ ነገሩ የሚታየው በካህናት ጉባኤ ነው። ኅሩይ ልጆቻቸውን ወደ ግብፅና ወደ እንግሊዝ ልከው ያስተማሩ ሰው ሲሆኑ፣ የልማድን መሻሻል ግን ከአውሮፓ በመጣ አንድ ወጣት ቃል ብቻ እንዲፈጸም አላደረጉም። ልማዱን ለመጠበቅም ሆነ ለማደስ ሥልጣን ባለው ጉባኤ ፊት አቀረቡት። የመጽሐፉ ጥበብ ከባለ ታሪኩ ክርክር ይልቅ በዚህ አፈጻጸም ይገኛል። ብዙ አንባቢዎች «አዲስ ዓለም»ን የብርሃንና የጨለማ ፍልሚያ አድርገው ሲያነቡት ይህን መጨረሻ ቸል ይሉታል።

«አርአያ» ጥያቄውን ወደ ሌላ ወገን ይመልሰዋል። አርአያ በፈረንሳይ አገር የእርሻ ትምህርት ተምሮ የሚመለስ የገበሬ ልጅ ነው። የተማረው ነገርና የአገሩ ችግር የተገናኙ ናቸው፤ ከዘመዶቹም ጋራ ያለው ጠብ የአወቀን ያህል አይደለም። ነገር ግን አዲስ አበባ ሲደርስ የሚሰጠው የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። መሬት ሊያርስ የመጣው ሰው ወረቀት ሲያገላብጥ ይኖራል፤ ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲይዝ አርበኛ ይሆናል፤ ከነጻነትም በኋላ መጨረሻው ወደ እርሻ መመለስ ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ የሚመረመረው ተማሪው ሳይሆን የላከው ክፍል ነው። መላክ ግማሽ ሥራ ነው፤ የቀረው ግማሽ ለተመላሹ የሚስማማውን ስፍራ ማዘጋጀት ነው።

ለዚህ የታሪክ ምስክር አለ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በውጭ አገር ጀርመንኛ ተምረውና የአውሮፓን ዕውቀት ቀስመው ከተመለሱ በኋላ በድሬዳዋ የጉምሩክ ሹም ነበሩ። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የአውሮፓን የሀብት ትምህርት በኢትዮጵያ ንግድ ላይ የሚፈትን ነው። በጉምሩክ በር ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ የሚያይ ሰው በመጽሐፍ የተማረውን ከዓይኑ ጋራ ለማስተያየት ይችላል። አርአያ ያጣው እንዲህ ያለውን ስፍራ ነው። የግርማቸው ድርሰት ድካም ያለበት ክፍል ቢኖር፣ ባለ ታሪኩ ከስሙ ጀምሮ እንከን የሌለበት ምሳሌ ሆኖ መቅረቡ ነው። ጥፋቱ ሁሉ ከሹማምንቱ ሲሆን፣ የተማረው ሰው ራሱ ከገበሬው ምን ሊማር እንደሚችል አንባቢው አይጠይቅም።

ይህን ጥያቄ በሣቅ የሚያነሣው «ያላቻ ጋብቻ» ነው። ባሕሩ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ የትልቅ ቤተ ሰብ ልጅ ነው። የዘመዶቹን ኑሮ ትቶ ወደ ገጠር ይወርዳል፤ ያስተምራል፤ ልቡም በቤት ሠራተኛይቱ ላይ ያርፋል። መንግሥቱ ለማ በሎንዶን የተማሩ ቢሆኑም ባሕሩን አያመልኩትም። ትልቅ ቃል ሲናገር ያስቁበታል። በመድረኩ ላይ የገጠሩ ሰው የተማረውን ይመረምረዋል፤ የዘር ኩራትም ከተማረው ቤት ገብቶ ይታያል። ይህ ተውኔት በታተመበት በዚያው በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ ማሠራት ጀመረ። ተውኔቱና ሥርዓቱ የተወለዱት ከአንድ አሳብ ይመስላል፤ ይኸውም የአገሩን ባላገር ያልተገናኘ ተማሪ ትምህርቱ አልተፈጸመም የሚል ነው። የዚያ ዘመን ሥርዓት ዛሬ የለም፤ አሳቡ ግን አልሞተም።

ሦስቱ ድርሰቶች በአንድነት የሚነቀፉበት ነገር አለ። ተመላሹ ሁልጊዜ ወንድ ነው። ሴቲቱ የምትታየው ልትታጭ፣ ልትመረጥ ወይም ልትማርበት ነው። እውነተኛው ኑሮ ግን ከድርሰቱ ቀድሞ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከጠላት ወረራ በፊት በስዊስ አገር ተምረው ተመልሰዋል፤ በወረራው ዘመን በጣልያን ታስረዋል፤ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ ተውኔትም ጽፈዋል። እንዲህ ያለች ሴት ከባሕር ማዶ ስትመለስ በተዝካርና በጋብቻ ነገር ምን ትል እንደ ነበር ሦስቱ ደራስያን አልጠየቁም። ይህ ጉድለት የልማዱን ግማሽ ገጽ ሸፍኖታል፤ የድግሱን ጠላ የምትጠምቀው፣ እንጀራውንም የምትጋግረው እርሷ ናትና።

እንግዲህ ከእነዚህ ሥራዎች ለዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ትምህርት ምንድን ነው? ተማሪ ወደ ውጭ አይሂድ የሚል ደራሲ ከሦስቱ አንድም የለም። ልዩነታቸው በዝግጅቱና በአቀባበሉ ነው። አወቀ ጥያቄ ሳይዝ ሄደ፤ አርአያ ጥያቄ ይዞ ሄዶ መልሱን የሚያኖርበት ስፍራ አጣ፤ ባሕሩ ስፍራውን ራሱ ፈልጎ ወረደ። ከዚህ የሚገኘው ውሳኔ፣ ተማሪው ከመሄዱ በፊት የአገሩን አንድ ነገር በዓይኑ አይቶና በብዕሩ ጽፎ ሊሄድ ይገባዋል የሚል ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ሲቋቋም፣ ተማሪዎች የየትውልድ አገራቸውን ልማድ እየመረመሩ በመጽሔት ማውጣታቸው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የመንደሩን ተዝካር ማን እንደሚደግስ፣ ማን እንደሚበላ፣ ብድሩም እንዴት እንደሚመለስ ጽፎ ወደ ፓሪስ የሚሄድ ተማሪ ከአወቀ የተለየ ሰው ነው። እርሱ በዚያ አገር የሚያገኘው ትምህርት የሚያርፍበት መሬት አለው። ስለዚህ የውጭ አገር ቆይታ በትምህርቱ መጀመሪያ ሳይሆን ይህ መሠረት ከተጣለ በኋላ፣ ለተወሰነ ጊዜና ለተወሰነ ጥያቄ ሲሆን ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ ለዛሬ አንባቢ ከሁሉ የሚከብደው ሦስቱ ደራስያን ያልጻፉት ነገር ነው። ከሦስቱ ባለ ታሪኮች አንዱም በዚያው ልቅር አይልም። መመለስ ለእነርሱ የሚመረጥ ነገር አልነበረም፤ እንደ ፀሐይ መውጣት የታወቀ ነገር ነበር። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በመጣው የእስራትና የደም ዘመን ግን ይህ የታወቀው ነገር ፈረሰ። በውጭ የነበረው ብዙ ተማሪ በዚያው ቀረ፤ በአገር ውስጥ የነበረውም ብዙው ተሰደደ። ከዚያ ወዲህ የመቅረት ምክንያት ቢለዋወጥም መቅረቱ አልተቋረጠም። ስለዚህ እነዚህ መጻሕፍት ዛሬ ሲነበቡ ያልተጻፈ ውል የተመዘገበባቸው ሰነዶች ሆነው ይገኛሉ። ውሉም፣ የሄደ ይመለሳል፤ የተመለሰም ይሰማል ወይም ይሞገታል የሚል ነው።

አወቀ ከዘመዶቹ ጋራ ሲጣላ ያለፈበት መከራ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን በተዝካር የሚጣላ ሰው በአባቱ ቀብር ላይ የተገኘ ሰው ነው። ዘመዶቹም የተቆጡት እንደ ወገናቸው ስለ ቆጠሩት ነው፤ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ባልወቀሱት ነበር። ተማሪዎቹን ወደ ውጭ የሚልክ ዩኒቨርሲቲ ለመንገዳቸው ገንዘብ ከማዘጋጀቱ ጋራ፣ ሲመለሱ የሚጠብቃቸውን ሥራና ያመጡትን አሳብ በቅንነት የሚሞግት ጉባኤ ሊያዘጋጅላቸው ይገባዋል። ጠያቂ የሌለው ዕውቀት በፓሪስም ቢሆን በአዲስ አበባ ፍሬ አይሰጥምና።