የማኅሌት ከበሮን ጆሮ እንዴት ይመዝነው?

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። የሚያደናግረው ግን መቺውን ብቻ አይደለም። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ሁሉ «ዛሬስ ደመቀ!» ይላል፤ ምኑ እንደደመቀ ለይቶ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ድምቀትን ከጩኸት መለየት ለሚፈልግ ጆሮ የሚከተሉት ይጠቅሙታል።

መጀመሪያ የከበሮውን ሁለት አፎች ለይቶ ማዳመጥ ነው። ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ወፍራሙ ቀጭኑን ከዋጠው ወይ የመቺው እጅ ከብዷል፣ ወይ ቆዳው ረግቧል። ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ሲሞቅ መልሶ ይወጠራል፤ ስለዚህ በክረምት መቺውን ከመውቀስ በፊት ቆዳውን መጠርጠር ደግ ነው።

ዋናው ፈተና አካሄዱ ነው። ከበሮው መሬት ላይ ተቀምጦ በእርጋታ ይጀምራል፤ እየሞቀ ሲሄድ መቺው አንገቱ ላይ ያነግተዋል፣ ምቱም ይፈጥናል። ጎበዝ መቺዎች የፈጠኑበትን ቅጽበት አያስይዙም፤ ሰሚው ልብ የሚለው እግሩ መሄድ ከጀመረ በኋላ ነው። ደካሞቹ ግን እመር ብለው ይሮጣሉ፤ ጭብጨባው ከኋላ ይጎተታል፣ ዜማውም ትንፋሽ ያጥረዋል።

ምቱ፣ ጭብጨባውና ዜማው አብረው የሚሄዱበት ስምምነት በአዛዥ የሚመጣ አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ወንዝ ዳር ዛፍ ላይ የሚሰፍሩ አንዳንድ አብሪ ጥንዚዛዎች በሺህ ሆነው በአንድ ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ መሪ የላቸውም፤ እያንዳንዱ የራሱን ብልጭታ ከጎረቤቱ ጋር ያስማማል እንጂ። ሁለት ከበሮ መቺዎችም ፊት ለፊት ተያይተው እየጎነበሱና እየዞሩ የሚመቱት እንዲሁ ነው። አንዱ ብቻ የሚጎትት፣ ሌላው የሚከተል ከሆነ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ የሁለተኛው ምት እንደ ገደል ማሚቶ ዘግይቶ ይደርሳል።

አብሮ መምታት ግን ግማሹ ነው። በአንድ ኩሬ የሚጮኹ አንዳንድ የእንቁራሪት ዝርያዎች ደግሞ ተራ ይጠባበቃሉ፤ አንዱ በሌላው ፋታ ውስጥ ይገባል፣ የሁሉም ድምፅ ይሰማል። ጸናጽሉን በዚህ ሚዛን መዝኑት። ጥሩ ጸናጽል ለከበሮው ቦታ ይለቃል፣ ከተንኳኳ በኋላ ዝም ማለትን ያውቃል። ያለማቋረጥ የሚንሿሿ ጸናጽል ምቱን ያደበዝዛል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ መፈተን የሚሻ በገና ዕለት ላሊበላ ይገኝ። በ«ቤዛ ኵሉ» ዝማሬ ጊዜ ካህናቱ ከቤተ ማርያም ግቢ በላይ በአለቱ አፋፍና ከታች በግቢው ተከፍለው ይቀባበላሉ። የላዩ ሲያበቃ የታቹ እንዴት እንደሚረከብ ልብ በሉ፤ በመሐል ቀዳዳ ወይም ግፊያ ካለ እዚያ ላይ ይታወቃል።

የመጨረሻው መመዘኛ ቀላል ነው፤ የድምፅ ማጉያ ከሚያምባርቅበት ራቅ ብሎ ለቃሉ ጆሮ መስጠት። ከበሮው የቆመው ለዜማው ነው። ምቱ በጋለበት ሰዓት እንኳ የግእዙ ቃል አንድ በአንድ ከተሰማ፣ ያ ማኅሌት በእርግጥ ደምቋል፤ ቃሉ ከጠፋ ግን የደመቀው ከበሮው ብቻ ነው።