ግምቱን የሚያርመው ችሎት

“ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው የዋሽንግተን ዲሲ የንብረት ግብር ይግባኝ ሥርዓት ያስደንቃል። ከተማዋ የየቤቱን የገበያ ዋጋ በየዓመቱ ትገምታለች፤ ለአብዛኛው መኖሪያ ቤት ግብሩ ከ100 ዶላር ግምት 85 ሳንቲም ነው። በዛብኝ የሚል ባለቤት እስከ ኤፕሪል 1 ድረስ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያመለክታል። እዚያ ካልረካ ወደ ንብረት ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል፤ ከዚያም በላይ ፍርድ ቤት አለ።

እኔን የሚማርከኝ የማስረጃው ዓይነት ነው። የሚያፈስ ጣሪያ ፎቶ፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ የሚታደስበት ዋጋ፣ በቅርብ የተሸጠ ተመሳሳይ ቤት ዋጋ፤ ባለቤቱ ይህን ይዞ ያለ ጠበቃ ሊከራከር ይችላል። ጎረቤትን መጥቀስ መቻሉ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ግምቱ ከገበያ ዋጋ ባይበልጥ እንኳ ከተመሳሳይ ቤቶች ግምት ጋር አለመመጣጠኑ ራሱን የቻለ የይግባኝ ምክንያት ነውና። እኩልነት እስከ ጣሪያና ግድግዳ ድረስ ሲወርድ እንዲህ ነው!

በከተማዋ ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ የግምቱ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ሳታነቡ አታስቀምጡት። በመዝገብ የሰፈረውን የቤታችሁን ስፋትና የመታጠቢያ ክፍል ቁጥር ከእውነተኛው ጋር አመሳክሩ፤ ከተሳሳተም ቀኑ ሳያልፍ አመልክቱ።