ደበበ እሸቱ በባዕዳን ፊልም፤ ከ«ሻፍት በአፍሪካ» እስከ «ቀይ ቅጠሎች»

ስለ ቀደምት ተዋንያኖቻችን ሲጻፍ የሚወሳው በአብዛኛው መድረኩ ነው። ደበበ እሸቱም አንጋፋነቱን ያገኘው ከመድረክ በመሆኑ ይህ አያስወቅስም። ይሁንና ባዕዳን በሠሯቸው ፊልሞች ውስጥ ምን ዓይነት ስፍራ ተሰጠው የሚለው ጥያቄ ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። በሴንት ፖል ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው ሮዝቪል፣ በረዶው ከቤት በማያስወጣበት ሰሞን፣ በ41 ዓመት የሚራራቁ ሁለት ፊልሞቹን አከታትዬ አየሁ። ይህን ሂስ ለመጻፍ ያነሣሣኝም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው በ1973 (እ.ኤ.አ.) የወጣው፣ እንግሊዛዊው ጆን ጊለርሚን ያዘጋጀውና ከፊሉ በኢትዮጵያ የተቀረጸው «ሻፍት በአፍሪካ» ነው። ሪቻርድ ራውንድትሪ የሚጫወተው የሃርለም መርማሪ፣ አፍሪካውያንን ወደ አውሮፓ እያሻገረ በጉልበታቸው የሚነግድ ቡድንን ያሳድዳል። ርእሰ ጉዳዩ ቁም ነገር ነበረው። ነገር ግን ኢትዮጵያዊ የተባሉትን ገጸ ባሕርያት እነማን እንደተጫወቷቸው እንመልከት። አሚሩ የጉያና ተወላጁ ሳይ ግራንት፣ ልጁ አለሜ ደግሞ አሜሪካዊቷ ቮኔታ ማክጊ ናቸው። አባት አሚር፣ ልጅ አለሜ! ከዚህም አልፎ «ኮሎኔል ጎንደር» የሚባል ሰው አለ። የከተማ ስም ለሰው ሲወጣ «ይህስ አይሆንም» የሚል በአካባቢው አልነበረም፤ ወይም ነበረ፣ የጠየቀው ግን የለም። አሜሪካዊቷ አለሜ አሜሪካዊውን ሻፍት የአፍሪካን ወግ ታስተምራለች፤ ወጉን ከእናቱ የተማረው ደበበ ግን «ዋሳ» ተብሎ በሁለተኛው ረድፍ ተመድቧል። ለዘነበች ታደሰ የደረሳት ደግሞ ስም እንኳ ያልወጣላት የሴተኛ አዳሪ ሚና ነው። ፊልሙ ከአገራችን የፈለገው መልክዓ ምድሩን እንጂ ተዋናዩን አልነበረም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለፈውን አንባቢ ያውቀዋል። ደበበ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስሮ በ1999 ዓ.ም. ተፈታ፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ዳግመኛ ታሰረ። ይህን የማነሣው ፖለቲካ ለማውራት አይደለም። በ2014 (እ.ኤ.አ.) በእስራኤላዊው ባዚ ጌቴ «ቀይ ቅጠሎች» ውስጥ የምናየው ፊት ይህን ሁሉ የተሸከመ ፊት በመሆኑ ነው።

በዚህ ፊልም ደበበ ዋናው ባለታሪክ ነው። የሚጫወታቸው ሰው እስራኤል ከገቡ 28 ዓመት የሆናቸው የ74 ዓመት አዛውንት ናቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱ ቤታቸውን ሸጠው ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር ይነሣሉ። ግዛቱን ለልጆቹ አከፋፍሎ ማረፊያ ያጣው የሼክስፒሩ ንጉሥ ሊር ትዝ ይለናል። አዛውንቱ ግትር ናቸው፤ ይቆጣሉ፤ የሚያዝዙበት ቤት ግን የላቸውም። በዙሪያቸው ዕብራይስጥ ሲነገር አማርኛቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ደበበ በመድረክ የሚታወቅበትን ጉልህ ድምፅ እዚህ ይቆጥበዋል፤ ብዙውን የሚሠራው በትከሻው፣ በአካሄዱና በዝምታው ነው። በ1973 በገዛ አገሩ የተነፈገውን ሙሉ ሰው የመሆን ዕድል በሰው አገር ያገኘው በራሱ ቋንቋ መሆኑን ልብ ይሏል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ፊልሙ አባትየውን በቅርብ ሲከተል ልጆቹን በሩቅ ይተዋቸዋል። ሁለት ሥራ ሠርቶ ሌሊት የሚገባ ልጅ አባቱን አላጫወተም ተብሎ ብቻ ጨካኝ አይባልም፤ ይህን እኛ በስደት ያለን እናውቀዋለን። አዘጋጁ ለልጆቹም ጥቂት ጊዜ ቢሰጣቸው ኖሮ የአባትየው ብቸኝነት ይበልጥ በከበደ ነበር።

ፊልሙን አብረውኝ ያዩ አንድ የሮዝቪል አዛውንት ግን በዚህ አልተስማሙም። «ልጆቹን ምን አመጣቸው? ሰውየው ቤቱን መሸጥ አልነበረበትም» አሉኝ። እሳቸው የአዲስ አበባ ቤታቸውን የሸጡት ልጃቸው ዘንድ ሲመጡ ነው።