ቀለህ ሲመሰክር

አዘና ባደግሁበት ቤት ምሰሶ ላይ የአያቴ ዝናር ተሰቅሎ ነበር። ውስጡ የቀሩት ባዶ የውጅግራ ጠመንጃ ቀለሆች ነበሩ። አያቴ አንዱን መዝዘው ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ይመነዘር የነበረበትን ዘመን ያወሩልኝ ነበር። እኔን ያስገረመኝ ግን ቀለሁን ወደ ብርሃን አዙረው ግርጌውን በአውራ ጣታቸው መዳሰሳቸው ነው።

ዛሬ በምኖርበት አሜሪካ ሰው ጥይቱን በእጁ መልሶ መሙላት ይፈቀድለታል። በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ የሚሞከር ሥራ አይደለም። የሞላሁትን ከተኮስሁ በኋላ እኔም እንደ አያቴ ቀለሁን አገላብጣለሁ። ባሩድ በዝቶ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ምስክር መዝጊያው ነው። በሁለት ጣት የሚነሳው መዝጊያ በመዳፍ ካልተመታ እምቢ ካለ፣ ተኩሱ እዚያው ይቁም። ቀጥሎ ግርጌውን በመስኮት ብርሃን አዘንብለው ይዩት። ከታተሙት ፊደሎች ላይ እንደ ጨረቃ ቁራጭ የምታበራ ነጥብ ካለች፣ ናሱ በግፊት ብዛት ፈስሶ ወደ ማስፈንጠሪያው ቀዳዳ ገብቷል ማለት ነው።

በግርጌው መሃል ያለችው ካፕሱል ግን ብቻዋን አትታመንም። ጠርዟ ክብነቱን አጥቶ እንደ ሳንቲም ከተደፈጠጠች ያስጠረጥራል፤ ሆኖም ለስላሳ ካፕሱል በመጠነኛ ሙሌትም ትደፈጠጣለች። ቀለሁ ሲስተካከል ትከሻው ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከተገፋም እንዲሁ ነው። መርፌው የመታት ቦታ ዙሪያውን ከንፈር ቢያወጣ የመርፌው ቀዳዳ ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ተበስታ ከተገኘች ግን ክርክር የለም፤ መተው ነው። በሚቀጥለው ሙሌት አዲሷ ካፕሱል ያለ ትግል ሰተት ብላ ከገባችም ግርጌው ተለጥጧልና ቀለሁ ይጣል።

ሌላ በሽታ ከዚህ ጋር እንዳይምታታ። የአንገት መሰንጠቅ ብዙውን ጊዜ ናሱ አርጅቶ መድረቁን ይናገራል። ከግርጌው ከፍ ብሎ የሚታይ አብረቅራቂ ቀለበት ደግሞ የመለጠጥ ምልክት ነው። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብተው ግድግዳውን ሲዳብሱ ጎድጎድ ካለ፣ ቀለሁ ሊበጠስ ቀርቧል።

የቀለህ ዝምታ ግን ነጻ አያወጣም። ለ.30-06 ጥይት የተወሰነው ጣሪያ 60,000 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ነው፤ ናስ ይህን አልፎም ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ጥሩ እጅ ከታተመው መመሪያ ጣሪያ 10 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ በትንሽ በትንሹ ይጨምራል፤ የአረሩን ፍጥነት በመሣሪያ ይለካል። ፍጥነቱ መጽሐፉ ካለው ከበለጠ፣ ቀለሁ ባይናገርም ግፊቱ አልፏል ብሎ መቁጠር ነው። ሙቀትም ግፊት ይጨምራልና፣ በአዘና ብርድ ዝም ያለ ሙሌት በመተማ ፀሐይ ሊጮህ ይችላል።

የውጅግራ ቀለህ ጥቁር ባሩድ ጠጥቶ ይሞላ ነበር። በዚያ ስፍር ጭስ አልባ ባሩድ የሚሞላ ጠመንጃውን ይበትናል፤ የአያት ልክ ለልጅ ልጅ አይሆንም።

የአንድን ሰው ሙያ መመዘን ሲያሻኝ የተኮሳቸውን ቀለሆች በባሩዳቸው መጠን ተራ እንዲደረድርልኝ እጠይቀዋለሁ። በዚያው ጠመንጃ የተተኮሰ የፋብሪካ ቀለህ ከፊት ይቀመጣል። ከዚያ አንድ በአንድ እናያለን። የመጀመሪያዋ ምልክት ከመታየቷ በፊት ያቆመ ሰው ከሆነ፣ በሞላው ጥይት ከጎኑ ቆሜ እተኩሳለሁ።